የቡና ማሽኔን ጩኸት ለመቀነስ የሞከርኩት ሁሉ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው የምነሳው። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ቡና ሳልጠጣ ደግሞ ከቤት አልወጣም። ጀበና ጊዜ ይፈልጋል። ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ እስከ በረካ ቁጭ ማለት ለእሁድ ነው የሚሆነው። ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ ከጣሊያን ስትመጣ ያገለገለ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ይዛልኝ መጣች። ቡናው በጣም ደስ ይላል። ፒያሳ ካፌ ገብቼ ከምጠጣው አያንስም። ጩኸቱ ግን ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል።

ይህን የምጽፈው ባለፉት ሦስት ወራት ጩኸቱን ለመቀነስ የገዛሁትንና ያሠራሁትን አንድ በአንድ ልነግራችሁ ነው። አንዳንዱ የባከነ ገንዘብ ነው። ሁሉንም የበለጠው ደግሞ በነጻ የተሰጠኝ ነገር ሆነ።

መጀመሪያ ለምን እንደጨነቀኝ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ ጥር ላይ ወለደች። ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ እኔና እሷን የሚለየን የቺፑድ ግድግዳ ነው። ማሽኑ የተቀመጠው ደግሞ ግድግዳውን ተጠግቶ ነበር። ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር ሕፃኑ ይባንናል። ሁለት ሦስት ቀን አጋጣሚ መስሎኝ አለፍኩት። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጃቸውን ሊያርሱ ከደባርቅ የመጡት እናቷ ደጅ ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት የምታስነሽው ወፍጮ ምንድን ነው?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። የምር ወፍጮ መስሏቸው ነው። «ይቅርታ እማማ፣ የቡና ማሽን ነው፤ መላ እፈልግለታለሁ» አልኳቸው። አፍሬ ነው ሥራ የገባሁት። አራስ ቤት አጠገብ እንደዚያ ማስጮህ ነውር ነው። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም፤ ይሄ የበለጠ ከበደኝ።

ማሽኑን መሸጥ አልፈለግኩም። ስለዚህ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ከሥሩ ለማወቅ ተነሳሁ።

አብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ውስጥ ያለው ፓምፕ በንዝረት የሚሠራ ነው። ሞተር የለውም፣ የሚዞር ነገርም የለውም። የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ኮይል አለ፤ መሐሉ ላይ ትንሽ የብረት ፒስተን ይቀመጣል። መብራት ሲገባ ኮይሉ ማግኔት ይሆንና ፒስተኑን ይስበዋል። ሲለቀው ሞላው መልሶ ይገፋዋል፣ ውሃውም አብሮ ይገፋል። ውስጡ ያለው ዳዮድ የሚያሳልፈው የመብራቱን ግማሽ ሞገድ ብቻ ስለሆነ ይህ መሳብና መግፋት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይደጋገማል፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነዋ። አሜሪካ ቢሆን 60 ይሆን ነበር። እንግዲህ በሴኮንድ 50 ጊዜ የምትመታ ትንሽ መዶሻ ቤታችሁ ገብታለች ማለት ነው። ይህን ፓምፕ ዝም ማሰኘት አይቻልም። ሥራው ራሱ መምታት ነው።

ካፌ ያሉት ትልልቆቹ ማሽኖች እንደዚህ የማይጮኹት ለዚህ ነው። የእነሱ ፓምፕ በአብዛኛው በሞተር የሚዞር ነው፤ ድምፁ ወጥና ለስላሳ ይሆናል። ከዚያ በፊት የነበሩት እጀታቸው ወደ ታች የሚሳበው ማሽኖች ደግሞ ውሃውን ቡናው ላይ የሚገፉት በሞላ ጉልበት ነው። የኤሌክትሪክ ፓምፕ በካፌ ማሽን ላይ የተለመደው የጣሊያኑ ፋኤማ በ1961 እ.ኤ.አ. ኢ61 የሚባለውን ማሽን ካወጣ በኋላ ነው። ለቤት ግን የሚዞረው ፓምፕ ከነሞተሩ ውድም ትልቅም ነው። ስለዚህ ለቤት የሚሠሩት በንዝረቱ ፓምፕ ይሄዳሉ፤ ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በግፊት መለኪያ 15 ባር ድረስ ይገፋል። ለኤስፕሬሶ 9 ባር አካባቢ ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ፓምፑ ተፈቶ በእጅ ሲያዝ ድምፁ ያን ያህል አይደለም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ድምፁን የሚያገንነው የተጣበቀበት ነገር ነው። የጎንደር ሰው ማሲንቆ ስለሚያውቅ ይህን ለማስረዳት አይቸግርም። ጭራው ብቻውን ቢገዘገዝ ማን ይሰማዋል? የሚጮኸው ቆዳ የተወጠረበት ሳጥኑ ነው። የእኔ ማሽን ጭራው ፓምፑ ነበር፤ ሳጥኑ ደግሞ የማሽኑ ላሜራ፣ ከሥሩ ያለው የኮምፔንሳቶ ጠረጴዛና ከኋላው ያለው የቺፑድ ግድግዳ። አስቡት፣ ሦስት ሳጥን ተደራርቦ!

ይህን ሳላውቅ በፊት ግን ገንዘብ አወጣሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት የኩሽና ምንጣፍ ነው። ያ የላስቲክ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ሳህን የሚደረደርበት። 350 ብር። ከማሽኑ ሥር አነጠፍኩት። ምንም ለውጥ የለም። ጠንካራ ላስቲክ ንዝረቱን እንዳለ ነው ወደ ጠረጴዛው የሚያሳልፈው። ከ5 አንድ ብሰጠው ማሽኑ እንዳይንሸራተት ስለያዘው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ አደረግኩ። መጀመሪያ ቀን ደስ አለኝ፤ ድምፁ ቀነሰ። በሳምንቱ ስፖንጁ ከክብደቱ የተነሳ እንደ ወረቀት ተጨፈለቀ፤ ከተጨፈለቀ በኋላ ከጠንካራ ነገር አይለይም። ሌላም ችግር አለው። ቡና የሞላችሁበትን እጀታ አስገብታችሁ ስታጠብቁ ማሽኑ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ሥሩ ውሃ ከፈሰሰበት ደግሞ ይጠጣና ይሸታል። እንዳትሞክሩት።

ሦስተኛው ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣሁት ነው፤ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን እግር የሚሆኑ አራት ወፋፍራም የጎማ መቀመጫዎች። 900 ብር ወጣበት። ይሄ ጥሩ ዕቃ ነው። ጎማው ለስላሳ ሆኖ አይጨፈለቅም። ግን አንድ ነገር ልብ አላልኩም ነበር፦ የተሠራው 60 እና 70 ኪሎ ለሚመዝን ማጠቢያ ነው። የእኔ ማሽን 8 ኪሎ አይሞላም። ጎማ በደንብ የሚሠራው ክብደት ሲጫነው ነው፤ የሚጫነው ከሌለ ድርቅ ብሎ ይቀመጥና ንዝረቱን ያሳልፋል። ስለዚህ ብቻውን ሲሆን ከ5 ሦስት እሰጠዋለሁ። በኋላ ግን ቦታውን አገኘ።

ከዚያ ወደ ጥገና ሄድኩ። የመጀመሪያውን ቤት ስሙንም ሠፈሩንም አልጠራም። ልጁ ማሽኑን ከፍቶ አየና «ፓምፑ አርጅቷል፣ መቀየር አለበት» አለኝ። ዋጋው የማይቀመስ ነበር። አልቀይርም ስለው «እንግዲያው አፍነዋለሁ» ብሎ ፓምፑን ዙሪያውን በስፖንጅ ጠቅልሎ በፕላስተር አሰረልኝ። ድምፁ ትንሽ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ግን እንግዳ መጥቶ አራት ቡና በላይ በላይ ስሠራ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ማሽኑም ቀጥ አለ።

ይህን ጉዳይ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ወደ 50 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ኮይሉም ይሞቃል። የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው አየርና በውስጡ በሚያልፈው ውሃ ነው። ብዙዎቹ ሙቀት ሲያልፍ መብራቱን የሚቆርጥ መጠበቂያ ስላላቸው የእኔም በዚያ ተረፈ። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ሠራ። ያ ባይኖር ኮይሉ ይቃጠል ነበር። እና ማንም ባለሙያ ፓምፑን ልጠቅልልህ፣ ልጠቅልልሽ ካለ እንቢ በሉ። ድምፁን ማፈን ሳይሆን ንዝረቱ ወደ አካሉ እንዳይተላለፍ መለየት ነው መፍትሔው። ይህን ያስተማረኝ ሁለተኛው ባለሙያ ነው።

እኚህ ሰው አራዳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሬዲዮ፣ ካውያ፣ ጁስ መፍጫ፣ ያገኙትን ሁሉ ይጠግናሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳው ነው። ማሽኑን ተሸክሜ ስገባ መጀመሪያ «አስጩሂውና ልስማው» አሉኝ። ውሃ ሞልቼ አስነሳሁት። እሳቸው ዝም ብለው መዳፋቸውን በየቦታው ጫን ያደርጋሉ። ጎኑን ሲጫኑ ድምፁ ይቀንሳል። ኋላውን ሲጫኑ ምንም። የውሃ ማጠራቀሚያውን ትሪ ሲይዙት የሚያንቃጭለው ነገር ጠፋ። ላዩ ላይ የደረደርኳቸውን ሲኒዎች አነሱ፣ ሌላ ድምፅ ጠፋ። ካቻቢቴ ሳያነሱ በሁለት ደቂቃ ሦስት የተለያየ ጩኸት ለዩልኝ። እስከዚያ ድረስ አንድ ጩኸት ነበር የሚመስለኝ። እናንተም ማሽናችሁን ወደ ጥገና ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ መዳፋችሁን ጫን ስታደርጉ ድምፁ የሚቀንስበት ቦታ ሁሉ የሚጮህ ቦታ ነው። የሚተኩሰውን ክፍል ብቻ ተጠንቀቁ።

ከዚያ ሶኬቱን ነቅለው፣ ቀዝቅዞ፣ ከፈቱት። ፓምፑ የሚቀመጠው ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት የጎማ መያዣዎች ላይ ነው። ፋብሪካው ያስቀመጣቸው ንዝረቱን እንዲውጡ ነው። የእኔዎቹ በሙቀትና በዕድሜ ደርቀው እንደ ቀንድ ሆነዋል። አንደኛው ተሰንጥቆ ፓምፑ ዘንበል ብሎ የጎን ላሜራውን ነክቷል። እንግዲህ ያ መዶሻ በሴኮንድ 50 ጊዜ ቆርቆሮ ይመታ ነበር። ፓምፑን ፈተው በእጃቸው ይዘው አስነሱልኝ። እዝዝዝ የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ ብቻ! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «አየሽ ልጄ፣ ፓምፑ ደህና ነው። የነካው ነገር ነው ያስጮኸው» አሉ።

የፓምፑ መያዣ ጎማ ጎንደር ገበያ ላይ አላገኘንም። ታዲያ እሳቸው ከጎረቤታቸው ጎሚስታ ዘንድ ላኩኝና የተበሳ የመኪና ከመነዳሪ ቁራጭ ይዤ መጣሁ። ብር ልከፍል ስል ልጁ «ይሄማ ተጥሎ ነው፣ ውሰጂው» አለኝ። መጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ ግን ምርጫቸው ትክክል መሆኑ ገባኝ። ከመነዳሪ በአብዛኛው የሚሠራው ቡቲል ከሚባል ጎማ ነው። አየር በቀላሉ የማያስወጣ ስለሆነ ነው ለመኪና ጎማ የተመረጠው፤ ሌላው ጠባዩ ደግሞ ንዝረትን በደንብ መዋጡ ነው። የመኪና በር ድምፅ እንዲቀንስ ከውስጥ የሚለጠፈው ጥቁር ንጣፍም በአብዛኛው የሚሠራው ከዚሁ ቡቲል ነው። ስለዚህ ሰውዬው ያደረጉት ጊዜያዊ መላ አይደለም። ትክክለኛውን ዕቃ ነው ያገኙት።

በከመነዳሪው ሦስት ነገር ሠሩ። ድርብ አድርገው ቆርጠው የፓምፑን ሁለት መያዣዎች ተኩ፤ ቡሎኑ ላሜራውን በቀጥታ እንዳይነካ ከሮንዴላው ሥርም አነስተኛ ክብ ቁራጭ አስገቡ። ቡሎኑን አጥብቀው አላሰሩትም። ጎማው ከተጨፈለቀ ንዝረቱ መልሶ ያልፋል፣ ፓምፑ ትንሽ ዥዋዥዌ ማለት መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ በጎንና በኋላ ላሜራ ውስጠኛ ገጽ ላይ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ በማስቲሽ ለጠፉ፤ ውሃውን ከሚያሞቀው ቦይለር ግን አራቁት። ሦስተኛ፣ ሽቦና ቱቦ ላሜራውን የሚነካበት ቦታ ላይ ሁሉ ቀለበት አድርገው አለበሱት።

ስለ ቱቦው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከውሃ ጋኑ ወደ ፓምፑ የሚገባው ቱቦ ለስላሳ የሲሊኮን ነው፤ ደርቆ ከሆነ መቀየር ቀላል ነው፣ የእኔንም ቀየሩት። ከፓምፑ ወደ ቦይለር የሚወጣው ግን ጠንካራ ነው፣ ንዝረትም ያስተላልፋል። ያን በሲሊኮን ልቀይረው እንዳትሉ። ሙሉው ግፊት ያለው እዚያ ላይ ነው። ለስላሳ ቱቦ ይፈነዳል፣ ውሃው መብራት ላይ ይረጫል። እሳቸው ያደረጉት ሰፋ ያለ መታጠፊያ ሰጥተው ከአካሉ ማራቅ ብቻ ነው።

የሥራ ዋጋ 600 ብር ከፈልኩ። ግማሽ ቀን ወሰደ። ሻይ ጋብዘውኛል። ከ5 አምስት ነው የምሰጣቸው፤ ስድስት ቢኖር ስድስት።

ቤት ስመለስ የቀረው የጠረጴዛው ነገር ነበር። እብነ በረድ ከሚቆርጡ ልጆች ዘንድ ሄጄ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ትራፊ በ400 ብር ገዛሁ። ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ያን ጊዜ ነው እነዚያ አራቱ የማጠቢያ ማሽን ጎማዎች ቦታቸውን ያገኙት፦ ጎማዎቹ ከታች፣ ድንጋዩ በላያቸው፣ ማሽኑ ከድንጋዩ ላይ። አሁን ክብደት አገኙ። ከባድ ነገር በትንሽ ንዝረት በቀላሉ አይነቃነቅም፣ የተረፈውን ደግሞ ጎማው ይይዘዋል። እጀታውን ስታጠብቁም አይወዛወዝም። ማሽኑንም ከቺፑዱ አንስቼ ወደ ብሎኬቱ ግድግዳ አዞርኩት፤ መሐሉ ላይ አንድ መዳፍ ክፍተት ተውኩ። ይሄ ምንም አያስወጣም፣ ከሁሉ በፊት ማድረግ የነበረብኝም ይሄን ነው።

በስልኬ ድምፅ በሚለካ አፕ አንድ ሜትር ርቄ ለካሁት። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፤ በአንድ ስልክ ከአንድ ቦታ በፊትና በኋላ ማወዳደር ግን ይቻላል። በፊት 72 ዴሲቤል ነበር፣ አሁን 61። አሥር ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ ግማሽ ያህል የቀነሰ ይመስላል። ከቁጥሩ በላይ ግን የተለወጠው የድምፁ ዓይነት ነው። ያ ጥርስ የሚያንገጫግጭ፣ ወለል ለወለል የሚሄድ ጉምጉምታ የለም።

አንድ ሌላ ድምፅ አለ፣ ከፓምፑ ጋር የምታምታቱት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሽኑ ግን ውሃውን እዚያው ድረስ ወይም ከዚያ በላይ ያሞቀዋል። ስለዚህ በርቶ ሲቆይ ውስጡ እንፋሎት ይሠራል፤ መጀመሪያ ስትጫኑት የሚያፏጨውና የሚተፋው እሱ ነው። ብልሽት አይደለም። እጀታውን ከማስገባቴ በፊት ሲኒ ሥር አድርጌ መትፋቱ እስኪቆም ትንሽ ውሃ አስወጣለሁ። ሲኒዬም በዚያው ይሞቃል። ቡናውም እንዳያርር ይረዳል።

የውሃ ጋኑንም ሙሉ አድርጉት። ውሃው ሲያልቅ ፓምፑ አየር ይስብና እንደ ጠጠር ይንኳኳል፤ ያለ ውሃ መሥራት ደግሞ ይጎዳዋል። ሲኒ ማሽኑ ላይ አትደርድሩ። ከትሪው ላሜራ ሥር እኔ ከከመነዳሪው የተረፈውን አራት ቁራጭ አድርጌበታለሁ።

ሙሉው ሥራ ካለቀ በሦስተኛው ቀን እማማን ደጅ ላይ አገኘኋቸው። «ልጁ ደህና ያድራል?» አልኳቸው። «እስከ አንድ ሰዓት ይተኛል፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ከዚያ ቡና አምጥቼላቸው አብረን ጠጣን። ያለ ክሬማው፣ ላዩ ላይ ያለ አረፋው ማለት ነው፣ ይሻላል አሉ፤ እሳቸው የጀበና ሰው ናቸው።

አሁን የቀረኝ መፍጫው ነው። እሱ ከማሽኑ ይብሳል፣ ከመነዳሪ የሚያደርግለት ነገርም የለም፤ የሚሰበረው ፍሬው ነው የሚጮኸው። ለጊዜው ማታ ከራት በኋላ የነገውን ፈጭቼ አፉ በሚጠብቅ ጠርሙስ አስቀምጣለሁ። መዓዛው ትንሽ ይቀንሳል። ልጁ ከፍ እስኪል በዚህ እቆያለሁ።